መሬቱ ከመናዱ በፊት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወገኖቼ። የዛሬው ወሬ መንገዱ ረጅም ነው፤ ከባሮ ዳር ይነሳና አኮቦ ዳር ይደርሳል፣ በመካከሉም ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል፣ እኔም አልቸኩልም።

ጋምቤላን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ከጎሬ ደጋ ቁልቁል እየተጠማዘዘ የሚወርደውን መንገድ ስትይዙ፣ ቅዝቃዜው ከኋላ እየቀረ፣ ጫካው እየሳሳ፣ ሣሩ እየረዘመ ይሄዳል፣ ከዚያም ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ከተማ ስትገቡ ሸሚዛችሁ ጀርባችሁ ላይ ይጣበቃል፣ ድልድዩ ላይ ቆማችሁም አኝዋዎች ኦፔኖ የሚሉትን ባሮን ታያላችሁ። በ1894 ዓ.ም. ግንቦት ወር ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ውል ሲፈራረሙ በዚህ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ፈቀዱ፤ ከዚያም ክረምት በገባና ወንዙ በሞላ ቁጥር የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው፣ ነጭ ዓባይን ይዘው፣ ሶባትን ሽቅብ ወጥተው፣ እዚህ ድረስ እየመጡ የደጋውን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው እስከ እ.ኤ.አ. 1956 ቆየ። ያ ዘመን አለፈና ዛሬ የጋምቤላ ስም ሲነሳ ከቡናው እኩል ወርቁ ይነሳል፤ ወርቅ ደግሞ መርከብ አይፈልግም፣ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ ይሄዳል።

ወርቁ ያለው ከከተማው ርቆ ወደ ደቡብ ነው። በአኝዋ ዞን ዲማ የምትባል ወረዳ አለች፣ አኮቦ ወንዝ አጠገብ። ከደጋው የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሚዛን በኩል ዞሮ፣ የበበቃን የቡና እርሻ አልፎ ነው የሚደርሳት፤ በበጋ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል፣ በክረምት ጭቃው መኪና ይይዛል፣ መንገደኛውም ወርዶ ይገፋል፣ ከዚያም ይሳፈራል፣ ከዚያም እንደገና ወርዶ ይገፋል። አኮቦም ከደቡብ ምዕራቡ ተራራ ወርዶ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን ወሰን ሆኖ ይሄድና ፒቦር ይገባል፣ ፒቦርም ከባሮ ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል። ይህን የወንዞች ዝምድና ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የዲማ ወርቅ የመጣው ከአሮጌ አለት ነው። አለቱ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ ዝናብና ሙቀት አፈራርሶታል፣ ጎርፍ ጠርጎታል፣ በውስጡ የነበረው ወርቅም ከሁሉ ከባድ ስለሆነ ርቆ ሳይሄድ ከጠጠሩ ሥር፣ ከታችኛው ጠንካራ አለት ጫፍ ላይ ተኛ። በላዩም ወንዙ በየዘመኑ አሸዋ ጨመረ፣ ጭቃ ጨመረ፣ ሣርም በቀለበት። እንግዲህ ወርቅ ፈላጊው ያን ሁሉ ጭቃና አሸዋ አልፎ ጠጠሩ ጋ መድረስ አለበት። እጅ ያለው ዶማና አካፋ ነው። ጉድጓዱን አስፍቶ ቢቆፍር የሚያወጣው አፈር ይበዛበታል፣ ስለዚህ አጥብቦ፣ ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ይወርዳል፤ ጠጠሩ ጋ ሲደርስም ወርቁ ወዳለበት ወደ ጎን ይፈለፍላል፣ በራሱ ላይ ያለውን መሬት ታች ታቹን እየበላ። ያወጣውን አፈር ደግሞ ሩቅ የሚወስድበት አቅም የለውምና እዚያው አፋፉ ላይ ይከምረዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የሰው ሕይወት የሚጠፋው እዚህ ነውና።

አንድ ሜትር ኩብ አፈር፣ ማለትም በወርድም በቁመትም በርዝመትም አንድ ሜትር የሆነ አፈር፣ ከአንድ ቶን ተኩል እስከ ሁለት ቶን ይመዝናል። ደረቅ ሳለ የአፈሩ ቅንጣቶች በመካከላቸው ባለችው ጥቂት እርጥበት ተሳስበው ይያያዛሉ፣ ስለዚህም ቀጥ ያለው ግድግዳ በበጋ ወራት ይቆማል፣ ቆፋሪውም እየቆመ ሲያየው ያምነዋል። ከዚያም የመጀመሪያው ዝናብ ይመጣል። ውሃው በቅንጣቶቹ መካከል ይሞላል፣ ያያዛቸውን ጉልበት ይሰብራል፣ በዚያው መሬቱን ያከብደዋል፣ ከውስጥ ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በላዩ የተከመረው አፈርም ረጥቦ ሌላ ክብደት ሆኖ ይጫነዋል። ሦስት ወር የቆመው ግድግዳ በአንዲት ሌሊት ዝናብ የሚናደው ለዚህ ነው። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ራሱ ከአፈሩ በላይ ቢሆን እንኳ አየር ባስወጣ ቁጥር አፈሩ ይጠጋዋል፣ መልሶ ለመሳብም ደረቱ አይከፈትም። ወንድሙ ሊያወጣው ዘሎ ይገባል፣ ሁለተኛው ናዳም ሁለቱን ይዞ ይቀራል። በየአገሩ፣ ጉድጓድ በተናደበት ሁሉ፣ አዳኙ ከተቀበረው ጋር ሲሞት ታይቷል።

ነገር ግን መሬት ሳይናገር አይወድቅም፣ ወገኖቼ። ከአፋፉ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከጉድጓዱ ጋር ጎን ለጎን የምትሄድ ቀጭን ስንጥቅ ትታያለች፤ መሬቱ ከጀርባው መለየት ጀምሯል ማለት ነው። ከግድግዳው ጠጠር ጠብ ጠብ ይላል፣ ነፋስ ሳይኖር። ትናንት ደረቅ የነበረ ቦታ ዛሬ ውሃ ያወዛል። የግድግዳው ሥር ወደ ውስጥ ያብጣል። ከታች ያለው ወጣት ይህን ላያይ ይችላል፤ ጠጠሩ ላይ አጎንብሷል፣ ዛሬ ካልደረሰበት ነገ ሌላው ይደርስበታል። ከላይ ያለው ሽማግሌ ግን ያያል፣ አጎንብሶም ይጣራል።

«ልጄ፣ ውጣ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ናት የቀረችኝ፣ ይቺን ብቻ ልሙላ።»

«አትሙላ። ተዋትና ና።»

ይህ ጥሪና መልስ ወርቅ በሚቆፈርበት ሁሉ ይሰማል፤ አንዳንዱ ይወጣል፣ አንዳንዱ ይዘገያል። የሽማግሌው እውቀት እውነተኛ እውቀት ነው። ችግሩ አለመጻፉ ነው፤ ሽማግሌው ሲሞት ወይም አገሩ ሲገባ አብሮት ይሄዳል፣ ቀጣዩም ወጣት ከባዶ ይጀምራል።

እንግዲህ አሁን ድንበር እንሻገር። ደቡብ አፍሪካ ኮልብሩክ የምትባል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነበረች። ሠራተኞቹ ከመሬት በታች ከሰሉን ሲያወጡ ጣሪያው እንዳይወድቅ በየመካከሉ ሳይቆፈር የሚተው የከሰል ዓምድ ነበራቸው፤ ከዚያም ተጨማሪ ከሰል ለማግኘት ዓምዶቹ እየቀጠኑ፣ ጣሪያውም እየተቆረጠ ዓምዶቹ ቁመታቸው እየረዘመ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1959 ታኅሣሥ መጨረሻ አንደኛው ክፍል ተደረመሰ፣ ሰው ግን አልሞተም፣ ሥራውም ቀጠለ። ከሳምንታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1960፣ ከሰዓት በኋላ ዓምዶች መፈንዳት ጀመሩ፣ አንዳንድ ሠራተኞችም ወደ ላይ ወጡ፤ ከእነርሱም ወደ ታች እንዲመለሱ የታዘዙ ነበሩ ይባላል። ከዚያም ማታ ላይ ዓምዶቹ አንዱ የሌላውን ሸክም እየተቀበለ፣ ሊሸከም እየተሳነው፣ አንድ በአንድ ተሰባበሩና መሬቱ በ435 ሰዎች ላይ ወረደ። አብዛኞቹ ከሌሶቶና ከሞዛምቢክ ለእንጀራ የመጡ ነበሩ። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልወጣም።

ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው እውነተኛው ምርምር የተጀመረው። በሃንጋሪ የተወለደው ሚክሎስ ሳላሞን የተባለ መሐንዲስና ባልደረባው ሙንሮ ከማዕድኖቹ መረጃ ሰበሰቡ፣ መዝገብም ያዙ። የተናዱትን ብቻ አልቆጠሩም፤ የቆሙትንም ቆጠሩ። 98 የቆሙ የዓምድ ቦታዎችና 27 የተናዱ። የእያንዳንዱን ወርድ፣ ቁመትና በላዩ ያለውን የመሬት ጥልቀት መዘገቡ፣ ከዚያም የቆመው ለምን እንደቆመ የወደቀውም ለምን እንደወደቀ ጎን ለጎን አኑረው እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ ቀመር አወጡ። ቀመሩ በተራ ቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ የዓምዱን ወርድ ሳትጨምር ቁመቱን እጥፍ ብታደርገው ከጥንካሬው ከሦስት አንድ እጅ በላይ ይጠፋል። ኮልብሩክን የበላው ይህ ነው። ያ ቀመር በደቡብ አፍሪካ የከሰል ማዕድኖች ስንት ስፋት ያለው ዓምድ መተው እንዳለበት መወሰኛ ሆነ፣ ወደ ሌሎች አገሮችም ሄደ።

የከሰሉ ቀመር ለዲማ ጠጠር አይሠራም፤ ከሰል ሌላ፣ የወንዝ ዳር ጭቃ ሌላ። እኔን የሚገርመኝና የምወደው ግን አሠራሩ ነው። ሰዎቹ ከሐሳብ ብቻ አልተነሱም፤ በእውን የቆመውንና የወደቀውን ጎን ለጎን አኖሩ። ዲማም ይህ ይገባታል፤ በሁለት ጉድጓዶች መካከል ምን ያህል መሬት ሲቀር ይቆማል፣ ምን ያህል ሲቀር ይናዳል፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ በየትኛው ወር፣ ከስንት ቀን ዝናብ በኋላ። ይህን ለማወቅ ሜትር፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ወርቁን ብሔራዊ ባንክ ሲገዛ በግራም ይመዘናል፣ ከግራምም በታች ባለ ክፍልፋይ ይመዘናል። በቆፋሪው ራስ ላይ የተንጠለጠለውን ቶን የሚመዝን መኖር አለበት።

ነገሩ የጋምቤላ ብቻም አይደለም። ወሎ ውስጥ ደላንታን አስቡ። እዚያ ገደል ለገደል በአንድ ስስ ንብርብር ውስጥ ኦፓል አለ፤ ወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተገኘ ወዲህ ስሙ በዓለም ገበያ ይታወቃል። ንብርብሩ ስስ ነውና ወጣቱ እርሱን እየተከተለ ወደ ተራራው ሆድ ጠባብ ዋሻ ይፈለፍላል፣ ዋሻውም ድጋፍ የለውም። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ገደማ ወደ 20 የሚጠጉ ወጣቶች ዋሻው ተደርምሶ ከውስጥ ቀሩ፤ መኪና በማይደርስበት ገደል ላይ ወገኖቻቸው በእጅ መሣሪያ ቆፈሩ። ወርቅም ይሁን ኦፓል፣ ጭቃም ይሁን አለት፣ የሞቱ መንገድ አንድ ነው።

ወደ ዲማ እንመለስ። እዚያው አካባቢ ሰገሌ በሚባል ቦታ አኮቦ ሚኒራልስ የተባለ ኩባንያ ለዓመታት ፍለጋ ሲያካሂድ ቆየ። መነሻው ባህላዊ ቆፋሪዎች ቀድመው የቆፈሩበት ቦታ ነበር፤ ወርቁን በመጀመሪያ ያሳየው የእነርሱ ዶማ ነው፣ ይህ ሊነገርላቸው ይገባል። ቁፋሮው ሲገባበት በአንድ ቶን አለት ከ20 ግራም በላይ ወርቅ ያለበት ክምችት ተገመተ፤ በዓለም ላይ አንድና ሁለት ግራም ላላቸው ተራራ የሚያፈርሱ ትልልቅ ማዕድኖች መኖራቸውን ስታስቡ ብዛቱ ይገባችኋል። እንዲህ ያለ ወርቅ ከመሬት በታች ይወጣል። ሙቀትና ዝናብ በበዛበት አገር ግን የላይኛው አለት ዘመን በልቶት ብዙ ሜትር ድረስ በስብሷል፤ መልኩ አለት ነው፣ ጠባዩ አፈር። መሐንዲሱ ጤነኛው አለት ጋ እስኪደርስ በዚህ በበሰበሰው ውስጥ ማለፍ አለበት፣ ያን ጊዜም ግድግዳውን በብረት መረብና በሲሚንቶ ልስን ይይዛል፣ ውሃውን በፓምፕ ያወጣል፣ ጥቂት ይገፋና ይደግፋል፣ እንደገና ጥቂት ይገፋና ይደግፋል። ገንዘብና ማሽን ያለው ኩባንያ የሚፈራውን መሬት፣ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ወጣት ያለ አንዲት እንጨት ድጋፍ በውስጡ ይተኛበታል።

ከጉድጓዱ የወጣው ጠጠር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ጠጠሩ ወደ ውሃ ዳር ይሄዳል፣ ገበቴ ውስጥ ይገባል፣ አጣቢዋም (ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸውና) ወገቧን አጎንብሳ፣ ውሃውን እያዞረች፣ እናቶቻችን ጤፉን በሰፌድ እያበጠሩ ገለባውን ከፍሬው እንደሚለዩት ቀላሉን ታስወጣለች። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ ተራው ነጭ ድንጋይ ግን ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ብቻ፤ ስለዚህ እጇ የለመደ ሴት ጥቁሩን አሸዋ ከነወርቁ ከገበቴው ታች ታስቀረዋለች። ይህ ጥበብ ንጹሕ ነው፣ ለወንዙም ጭቃ ብቻ ነው የሚተርፈው። የደቀቀው ወርቅ ግን፣ ዱቄት የሚያህለው፣ ከጭቃው ጋር ያመልጣታል።

ያን የሚያመልጠውን ለመያዝ ነው ሜርኩሪ፣ አባቶች ባዜቃ የሚሉት፣ ወደ ወርቅ ቦታዎቻችን መግባት የጀመረው። ሜርኩሪ ወርቁን ይይዘዋል፣ አብረው ይጠቀለላሉ፣ ከዚያም እሳት ላይ ሲቀመጡ ሜርኩሪው በ357 ዲግሪ ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል። የተነነው ወዴት ሄደ? ያቀለጠው ሰው ሳንባ ገባ፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን ሳንባ ገባ፣ የቀረውም ከዝናብ ጋር ወንዝ ወረደ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ በዓለም ላይ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ሜርኩሪ 38 በመቶ ገደማው ከባህላዊና አነስተኛ ወርቅ ምርት የሚወጣ ነው።

ወንዞቹን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሜርኩሪ ወንዝ ሲገባ በጭቃው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ሌላ፣ ይበልጥ ወደሚመርዝ መልክ ይለውጡታል፣ ከዚያም ትንሹ ዓሣ ይበላዋል፣ ትንሹን ትልቁ ይበላዋል፣ በየደረጃው እየተጠራቀመ ይወጣል። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ ፋብሪካ ይህንኑ መርዝ ባሕር ውስጥ ይለቅ ነበር፤ መጀመሪያ ድመቶቹ እየተንገዳገዱ ወደቁ፣ ቀጥሎ ዓሣ አጥማጆቹ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው ፈዘዘ፣ ከዚያም ጤነኛ ከምትመስል እናት ሕፃናት በሽታውን ይዘው ተወለዱ። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፣ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ባበቃበት ዓመት፤ ሜርኩሪን ለመግታት አገሮች የተስማሙበት ውል የዚያችን ከተማ ስም ይዞ እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈረመ። አሁን ጋምቤላን አስቡ፤ አኝዋውም ኑዌሩም ዓሣ ይበላል፣ በአኮቦ፣ በፒቦር፣ በባሮ ዳር ያለ ሕፃን ጉልበቱን የሚያገኘው ከዓሣ ነው። ዲማ ላይ የፈሰሰ ነገር ዲማ ላይ አይቀርም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ጠጠሩን ሁሉ ሜርኩሪ ውስጥ መንከር አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ጨርቅ በተነጠፈበት ዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ በውሃ ቢታጠብ ጨርቁ ደቃቁን ወርቅ ይይዛል፣ የሚተርፈው እፍኝ የማትሞላ ጥቁር አሸዋ ነው። ያቺን ጥቂት አሸዋ በፊሊፒንስ የሉዞን ተራራ ቆፋሪዎች ለአሥርት ዓመታት ከቦራክስ ጋር አቅልጠው ወርቃቸውን ያለ ሜርኩሪ ሲያወጡ ኖረዋል፤ ቦራክሱ ሌላውን ማዕድን ቶሎ ያቀልጠዋል፣ ወርቁም ከታች ይዘቅጣል። ወርቅ አንጥረኛ ቦራክስን ያውቀዋል፤ ከሰልና ወናፍም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደሉም። ሜርኩሪውን ገና መተው ያልቻለ ደግሞ ክዳንና ቧንቧ ያለው ዝግ ማሰሮ ቢጠቀም የሚተነውን አብዛኛውን መልሶ ይይዘዋል። የሚጎድለው አሳይቶ የሚያስተምር ሰው ነው፣ እርሱም ወርቅ ቦታው ድረስ የሚሄድ።

ለዚህ ነው እኔ የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በዓይነ ሕሊናዬ ዲማ ላይ የማያቸው። ባህላዊ አምራቹን አዋጁም ያውቀዋል፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ የሚያገኝበትን መንገድ ከፍቶለታል። ፈቃዱን የያዘው ሰው ግን ግድግዳውን እንዴት እንደሚያዘነብል፣ አፈሩን ከአፋፉ ምን ያህል አርቆ እንደሚከምር፣ የነዳጅ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ሲነሳ ጭሱ ሽታ በሌለው መርዝ እንደሚገድል የሚነግረው ይፈልጋል፤ ያም ሰው በሚያውቀው ቋንቋ፣ በአኝዋኛም በአማርኛም። ነጋሪውም ከሽማግሌው ተምሮ፣ ለሽማግሌው ደግሞ ምክንያቱን የሚመልስለት መሆን አለበት።

ጊዜውም የታወቀ ነው። ኅዳር ላይ ውሃው ይጎድላል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ቆፋሪው ይመለሳል። ክረምቱ የናዳቸው ያምና ጉድጓዶች ያን ጊዜ እንደተናዱ ይገኛሉ፤ አጠገባቸው ደግሞ ያልተናዱት አሉ። ሜትርና ደብተር የያዙ ሁለት ተማሪዎች፣ መሬቱን ከሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ቆፋሪ ጋር፣ ከዚያ ይጀምሩ፤ የወደቀውንም የቆመውንም አንድ በአንድ እየዞሩ ይለኩ፣ ከእያንዳንዱም ጎን ዝናቡ የጣለበትን ቀን ይጻፉ።